ቁልፉ የተቆረጠ ኮት

ግቢ ግቢ፣ በሩን መለስ አድርጊው የኔ ልጅ፣ ብርዱ ተከትሎሽ እንዳይገባ። እንዴት ነሽ? አዪ... ከስተሻል። ወይስ ቀሚሱ ነው ያከሳሽ? ተሰፍቶ የተሸጠ ነው መሰለኝ፤ ወገቡ ላይ ሁለት ጣት ቢገባ ልክሽ ይሆን ነበር። አውልቂውና ላስገባልሽ አልልም፣ ዛሬ ለሌላ ጉዳይ ነው የመጣሽው። ያን ጨርቅ ወዲያ በይና ተቀመጪ። ስፒል እንዳይወጋሽ ብቻ፤ እኔ እንኳ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እየተወጋሁ አልለመድኩትም። ሻይ ጥጃለሁ፣ አሁን ይፈላል።

አክስትሽ ደህና ናቸው? እሰይ። ጉልበታቸውስ ተሻላቸው? እሰይ፣ እሰይ። እሳቸው ያልተሻላቸው ማን ሊሻለው ነው? አዲሷ መኪና ከበር እስከ በር ታደርሳቸዋለች አሉ፣ እግራቸው መሬት ሳይነካ። እኔ ደግሞ ሰው ሲያልፍለት ደስ ይለኛል፤ ሀብት በራሱ ምን አጠፋ? መጽሐፉም ቢሆን ገንዘቡን አይደለም የኮነነው፣ ፍቅሩን ነው። አክስትሽ ደግሞ ገንዘብ እንደማይወዱ አገር ያውቃል... ያዝ አድርገው ይጠብቁታል እንጂ።

ኮቶቹን ልትወስጂ ነው አይደል? አውቃለሁ። ሃያ ስድስት ናቸው፤ ጥጉ ጋ ባሉት ሁለት ጆንያዎች ውስጥ አጣጥፌ አስቀምጫቸዋለሁ፣ ለእሑዱ እደላ ይደርሳሉ። ቆይ፣ አትነሺ! ሻዩን ሳትጠጪ? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ድምፃችንን ግን ትንሽ ዝቅ እናድርግ፤ ከመጋረጃው ኋላ የተኛ ሰው አለ። ማን እንደሆነ እነግርሻለሁ።

የኮት ነገር ካነሳን አይቀር... አንድ ሴትዮ አሉ። ስም አልጠራም። ስም ከጠሩ ሐሜት ነው፣ ካልጠሩ ጨዋታ ነው፤ እኔ ደግሞ ሐሜት አልወድም። ብታውቂያቸው እንኳ እንደማታውቂያቸው ሆነሽ ስሚኝ። ደግ ናቸው። ምን ደግ ብቻ! ብርድ በገባ ቁጥር ለድሆች ኮት ያድላሉ። የልብስ መደብር አላቸው፤ እዚያ ሳይሸጥ የከረመውን፣ ከራሳቸውም ቁም ሣጥን የጠበባቸውን ሰብስበው ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣሉ። ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል የሚባለውን እንደሳቸው የፈጸመ አላየሁም። እንዲያውም እሳቸው ሁለት የላቸውም፤ ሁለትማ ከነበራቸው ስንት ዘመናቸው!

ታዲያ ኮቶቹ ወደ ድሃው ከመሄዳቸው በፊት እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ለምን ይመስልሻል? የተቀደደውን እንድጥፍ? የተኮማተረውን እንድተኩስ? ኧረ ወዲያ! ቁልፋቸው እንዲቆረጥ ነው። አዎ፣ ኮቱ የሚዘጋበት ቁልፍ። የቀንዱ፣ የናሱ፣ ያ ባለ አራት ቀዳዳው፣ አንድ ሳይቀር። እኔ ቆርጬ በብስኩት ቆርቆሮ እሞላላቸዋለሁ፤ ቆርቆሮው ወደሳቸው፣ ኮቱ ወደ ድሃው።

አትሳቂ እንጂ! ለነፍስ አስበው እኮ ነው። እዚችው አንቺ የተቀመጥሽበት ላይ ተቀምጠው ነግረውኛል፤ "ድሃ ሰው ደረቱ ላይ ያማረ ቁልፍ ካየ ትዕቢት ያድርበታል" አሉኝ። እዪ እንግዲህ! የሰውን ነፍስ ከትዕቢት ለማዳን ብለው ፈተናውን ራሳቸው ተሸከሙት። ያን ሁሉ ቆርቆሮ! እኔ ብሆን አልችለውም ነበር፣ እውነቴን ነው።

ምን ያደርጉበታል ብዬ ብዙ ዘመን ሲገርመኝ ኖሮ፣ አንድ ቀን ልብስ ልለካቸው ቤታቸው ሄድኩልሽ። ውይ ቤት! ሶፋው ላስቲኩ አልወለቀም፤ ሰው እንዳይቀመጥበት ነው መሰለኝ የተገዛው። ጓዳ አስገቡኝና መደርደሪያ አየሁ፣ እስከ ጣሪያ። የመስታወት ጠርሙስ በጠርሙስ ነው። ጥቁር ቁልፍ ለብቻ፣ ቡኒው ለብቻ፣ ናሱ ለብቻ፤ አቧራ እንኳ አልነካውም። "እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ለምን ይሆናል?" አልኳቸው፣ አፌ አያርፍም መቼስ። "ለክፉ ቀን" አሉኝ። ለክፉ ቀን! እኔ ክፉ ቀን ሲመጣ ሰው ዘመድ ወዳጁን ሲጠራ ነው የማውቀው... ለካ የገባው ሰው ቁልፍ ነው የሚያከማቸው። ክፉ ቀን እንግዲህ በሩን አንኳኩቶ ሲገባ ጠርሙሶቹን ያይና "ይቅርታ፣ ቤት ተሳስቻለሁ" ብሎ ይመለስ ይሆናል።

ደግሞ እንዲህ እያደረጉ አይናገሩም። ቀኝ እጅ ሲሰጥ ግራው እንዳያውቅ ተብሎ የለ? እሳቸው ዘንድ በትክክል ይሠራል፤ ቀኛቸው ስትሰጥ ግራቸው ከየት አይታ፣ ቁልፍ ለቀማ ላይ ናት።

መርፌ ውስጥ ክር ሳስገባ ያ የግመሉ ነገር ትዝ እያለኝ ለብቻዬ እስቃለሁ። ሠላሳ ዓመት መርፌ ስይዝ በቀዳዳው ሲያልፍ ያየሁት ክር ብቻ ነው፤ እሱም በምራቅ አርሰሽው፣ ለምነሽው፣ አንድ ዓይንሽን ጨፍነሽ። ግመል ግን... እንጃ። ለኚህ ሴትዮ ግን አልሰጋም። ኮሚቴ ይሰበስቡና ቀዳዳውን ሰፋ ያስደርጉታል።

ያምናውን ፎቶ አይተሽዋል አይደል፣ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ መግቢያ ላይ የተሰቀለውን ትልቁን? ሴትዮዋ መሀል ቆመው ፈገግ ብለዋል። ግራና ቀኝ ኮት የለበሱት ተሰልፈዋል፤ ሽማግሌ ሕፃን ሳይባል ሁሉም አንድ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገዋል። ሰባኪው አይተው እንባቸው መጣ፤ "እዩት ይህን ምስጋና! ልባቸውን ይዘው ነው ያመሰገኑት" አሉ። እኔም አለቀስኩ፣ ለሌላ ምክንያት ቢሆንም። ምስጋና ሆኖ ነው እቴ? ኮቱ እንዳይከፈትባቸው ይዘውት እኮ ነው! ቁልፍ ቢኖረው እጃቸው የት ይሆን ነበር? ኪሳቸው ውስጥ። ኪስ የገባ እጅ ደግሞ ለፎቶ አያምርም። አርቀው ነው የሚያስቡት ስልሽ...

ትምህርታቸውንስ? ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ድሆቹን ሰብስበው ያስተምራሉ። እኔም ሁለት ሐሙስ ሄጃለሁ። ርእሱ አይቀየርም፤ "ያለኝ ይበቃኛል" ነው። ማስተማርስ ያውቁበታል! ባዶ እጃችንን መጣን፣ ባዶ እጃችንን እንሄዳለን፤ ሰው የሚበላውና የሚለብሰው ካገኘ ሌላ አይመኝ አሉ። ልክ ናቸው። መጽሐፉ የሚለብሰው አለ እንጂ የሚቆልፈው አላለም። አንዷ ደፋር ተነሳችና "እትዬ፣ ይበቃኛል የሚባለው ስንት ሲኖር ነው?" ብላ ጠየቀች። ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "እሱ እንደየሰዉ ይለያያል።" ይለያያል! እኔ ይሄን ነው የምወድላቸው፤ ለሁሉም በየልኩ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ የሚባለው ለዳቦ ነው እንጂ ለትምህርት አይደለም... አይደል?

ኧረ ሻይሽ ቀዘቀዘ፣ ጠጪ! ስኳር አነሰው?

እማማ ተመስገንን መቼም ታውቂያታለሽ። ማን የማያውቃት አለ፣ የአዳራሹ ጠራጊ። ሲዘንብ ተመስገን፣ ሲያባራ ተመስገን፣ ባልዲው ተገልብጦ ጫማዋን ሲያርሰው ተመስገን፤ የእናት የአባቷን ስም ረስተን በዚያው ቀረች። ሃያ ሁለት ዓመት ያን ደረጃ ጠርጋለች። ክፍሏ ከአዳራሹ ጀርባ ያለችው ናት፣ አልጋና ምድጃ ከገቡባት ወዲህ ሰው በጎኑ ካልሆነ የማይገባባት። "እኔ ምን ጎደለኝ? በር አለኝ፣ ስዘጋው ይዘጋል" ትላለች። ይሄንን ከሐሙሱ ትምህርት ገብታ የተማረችው እንዳይመስልሽ። ሐሙስ ሐሙስ እሷ ወንበር ስትደረድር ነው የምትውለው።

አምና ለሷም ኮት ደረሳት። ኮትስ ኮት ነው፣ የዋዛ አይደለም፤ ከባድ ሱፍ፣ የሴትዮዋ የራሳቸው የነበረ። አምስት ትልልቅ ጥቁር ቁልፍ ነበረው። አውቀዋለሁ፣ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። እማማ ምን ታድርግ፣ በግራ እጇ ኮቱን ደረቷ ላይ ትይዛለች፣ በቀኟ ትጠርጋለች። መርፌ ቁልፍ ሰጥቻት ነበር፤ ሱፉ ወፍራም ነው፣ በሁለት ቀኑ ተጣመመ። ከሦስት ሳምንት በፊት ታዲያ ደረጃውን ውርጭ ይዞት ነበር። ግራ እጇ ኮት ይዟል፣ ቀኟ መጥረጊያ ይዟል፤ እግሯ ሲያዳልጣት መደገፊያውን ብረት በምኗ ትያዘው? ሰው ሦስተኛ እጅ አልተሰጠው። ስምንት ደረጃ ተንከባላ ወረደች። ዳሌዋ ተሰበረ። ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘሉ አይሰበሩ ይሉ ነበር ድሮ... ይቺ ሳትጠግብም ሳትዘልም ተሰበረችልሽ።

መቀሱ የኔ ነው እኮ። እሱን እሱን አስበዋለሁ። ተራ ቁልፍ ልተክልላት፣ ነገ እተክልላታለሁ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ... ፈርቼ ነው። ሴትዮዋ አይተው ቢቀየሙኝስ? የመደብራቸው ማጥበብ ማሳጠር ሁሉ የሚመጣው ወደኔ ነው። አምስት ቁልፍ ለመትከል ሩብ ሰዓት አይፈጅብኝም ነበር። ለእንጀራዬ ስል ሩብ ሰዓት ነፈግኳት። ይሄን ለማንም አላልኩም፣ ላንቺ ገና አሁን ማለቴ ነው። ተይኝ... አለፈ፣ አለፈ። ጢሱ ነው።

ሴትዮዋ ግን አልቀሩባትም ደግሞ! እንዲያውም ከኮሚቴው ሁለቱን አስከትለው ነው የመጡት፣ ፎቶ አንሺ ሳይቀር። እኔ ሾርባ ይዤ ሄጄ ደረስኩባቸው። አልጋዋ ራስጌ ቆመው "ሃያ ሁለት ዓመት ደክመሻል፣ እግዜር ሊያሳርፍሽ ነው" አሏት። ማሳረፉን በደረጃ በኩል አደረገው እንጂ ለበጎ ነው። እማማም ተመስገን አለች፤ ሌላ ምን ቃል ታውቃለችና? ከዚያ ዞር ዞር ብለው ክፍሏን አዩ። ግድግዳውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና "ደረቅ ነው፣ እርጥበት የለውም" አሉ። ሆዴ ራራ። እዪ፣ ለደረቷ አስበው ነው አልኩ፤ ፈረድኩባቸው ብዬ ንስሐ ልገባ ምንም አልቀረኝም። ለካ ለኮቶቹ ኖሯል!

አዎ። የሚታደለው ልብስ የሚቀመጥበት ደረቅ ቦታ ጠፍቶ ተቸግረው ነበር አሉ። እሑድ ከጸሎት በኋላ ኮሚቴው ተሰብስቦ ክፍሏን የድሆች ልብስ ማከማቻ ያደርገዋል። ለድሃ ኮት ቤት ተገኘለት በይኝ! ድሃዋስ? ድሃዋማ ኮት አላት። አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ አለች አህያ... ሴትዮዋ ግን እንዲያው በከንቱ ሰው አይነኩም፣ ምክንያት አላቸው፤ ክፍሉ የሚገባው ለሚጠርግ ሰው ነው፣ እሷ ደግሞ ከእንግዲህ መጥረግ አትችልም። ደንብ ደንብ ነው። መጥረግ ያልቻለችው በምን የተነሳ ነው ብሎ የሚጠይቅ ደንብ የለ።

ከመጋረጃው ኋላ ያለችው እሷ ናት እንግዲህ፤ ብቻዋን ማን ያስታምማታል ብዬ ወደዚህ አመጣኋት። ቀስ ብለሽ ልታያት ትችያለሽ፤ አሁን እንቅልፍ ወስዷታል፣ መድኃኒቱ ያስተኛታል። አልጋው አንድ ስለሆነ እኔ እዚህ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ነኝ። ሰፊ ነው፣ አይከፋም፤ ጠመኔው ብቻ ጀርባዬ ላይ እየተሳለ ስነሳ እንደ ተለካ ጨርቅ እሆናለሁ። ቤቱ ለሁለት ጠባብ አይደለም ወይ? ጠባብማ ነው። ቢሆንም የምትበላውን እበላለሁ፣ የምበላውን ትበላለች፣ አንድ ቀን ጎደለብን ብለን አናውቅም። ኮቷንም አይተሽ እንደሆነ፣ እላይዋ ላይ ጣል አድርጌላታለሁ፤ አምስት ቁልፍ ተክዬበታለሁ። ከየት አመጣሽው? ከኔው ኮት ላይ ነቅዬ ነዋ! እኔ ደረጃ አልጠርግም፣ ኮቴን በእጄ ይዤ ብሄድ ምን እሆናለሁ።

ሆዴን የሚበላኝ አንድ ነገር ነው። በነቃች ቁጥር "ክፍሌን ማን እየጠረገልኝ ነው? አቧራ እንዳይውጠው" ትለኛለች። ልትመለስ ነው እኮ ሐሳቧ። አጥንቷ ሲገጥም፣ ምርኩዝ ይዛም ቢሆን፣ ወደዚያች በሯ። የእሑዱን ማንም አልነገራትም፤ ኮሚቴውም፣ እኔም። እኔ አፌ ይሄን ሁሉ ሲያወራ ያንን ግን እንቢ አለኝ።

አንቺም ከኮሚቴው ነሽ አይደል? አይ፣ እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው። እሑድ ስለ ክፍሏ እጅ የሚያወጣው አምስት ሰው ነው አሉ። አንዷ ራሳቸው ሴትዮዋ ናቸው፤ ሁለቱ የሳቸውን እጅ አይተው ነው የሚያነሱት፤ አንዱ ደግሞ ሽማግሌው ሒሳብ ሹም ናቸው፣ "ይሄስ ግፍ ነው" ብለው ለብቻቸው ሲያጉተመትሙ ተሰምተዋል አሉ። አምስተኛዋ ማን እንደሆነች አልጠየቅሁም። ልጅ እግር ናት አሉ፣ ዝምተኛ፣ ከሴትዮዋ ቤት ያደገች። እጅሽን አውጪ፣ አታውጪ የሚላት እኔ ማን ነኝ? ልብስ ሰፊ ነኝ።

ምነው፣ ሻዩ አልጣፈጠሽም እንዴ?

በይ እንግዲህ፣ እንዳላስመሽሽ፣ ኮቶቹን ውሰጂ። ጆንያዎቹን ከመሸከምሽ በፊት ግን ልንገርሽ፤ ቁልፋቸውን አልቆረጥኩትም። እንዲያውም ላላ ያለውን ሁሉ እንደገና ሰፍቼዋለሁ። ወፍራም ኮት ላይ ቁልፍ ስትተክዪ ከሥሩ ክሩን ሦስት አራቴ ጠምጥመሽ አንገት ታወጪለታለሽ፤ ያኔ ጨርቁ ሳይጨነቅ ይዘጋል፣ ቁልፉም ቶሎ አይበጠስም። ሃያ ስድስቱንም እንዲያ አድርጌያቸዋለሁ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ? ለኮትማ አንድ ክንድ ክር ተርፎት። ቆርቆሮውም ይኸው፣ ባዶውን ነው፤ አጥቤ ወልውዬዋለሁ።

አክስትሽ ይቆጡኝ ይሆን? ምን ያስቆጣቸዋል! እኔ የማወራው ስለ ሌላ ሴትዮ ነው እኮ። እሳቸው ቁልፉ ይቆረጥ ብለው መላካቸው የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ደግ ልብ ሁሉ የሚያስበው አንድ ዓይነት ሆኖ ነው። ምናልባት የመደብሩን ሥራ ለሌላ ሰፊ ይሰጡት ይሆናል። ይስጡት። ያለኝ ይበቃኛል፣ ተምሬ የለ እንዴ፣ ሁለት ሐሙስ ሙሉ!

ነይ አንድ አንዱን ላሸክምሽ። ቀስ... ከሥሩ ደግፊው። ምነው፣ ዓይንሽ ምን ሆነ? ጢሱ ነው፣ አዎ፣ እኔንም ቅድም እንዲሁ አድርጎኝ ነበር።

እና ያቺን ሴትዮ መንገድ ላይ ድንገት ካገኘሻቸው... ካገኘሻቸው ነው እንግዲህ... መርቃዎታለች በይልኝ። ከልቤ ነው፣ እጄን ዘርግቼ ነው የምመርቃቸው። እግዜር ዕድሜ ከጤና ይስጣቸው። ቤታቸው አይጉደል፣ ደጃቸው አይዘጋ፣ ወጥተው ይግቡ። ኋላም፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው ታዲያ፣ ሁሉን እዚሁ ትተው ባዶ እጃቸውን የሰማዩን ደጅ ሲያንኳኩ... በሩን ከፍቶ የሚቀበላቸው፣ ልክ እንደ ራሳቸው ያለ ደግ ሰው ይሁን። አሜን በይ እንጂ፣ የኔ ልጅ!